መርከቡ ሲዘገይ ማሻ ላይ ማን ይከፍላል?

ቀይ ባሕር ላይ መርከብ በሚሳኤል ተመታ የሚል ዜና ሲነገር ማሻ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ ሰው ጥያቄው ቀላል ነው፦ «እኛን ምን አገባን?» ጥያቄው የንቀት አይደለም። ከማሻ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጂቡቲ ደግሞ ባቡሩ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከዚያ ወዲያ ያለው ባሕር ለአብዛኛው የሸካ ገበሬ በዕድሜው የማያየው ነገር ነው።

ለዚህ ጥያቄ የተለመደው መልስ «የመርከብ ኪራይ ሲጨምር የቡናችን ዋጋ ይቀንሳል» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ዋናውን ነገር ይስታል። ሂሳቡን ቁጭ ብለን ስንሠራው (ከዚህ በታች እንሠራዋለን) የኪራዩ ጭማሪ በኪሎ ሲካፈል ያን ያህል አያስደነግጥም። ማሻ ድረስ ዘልቆ የሚመጣው ጉዳት «ስንት?» ከሚለው ይልቅ «መቼ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። መርከቡ መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ ላኪ፣ ገንዘቡ መቼ እንደሚመለስለት የማያውቅ አቅራቢ፣ ነገ በስንት እንደሚገዛ የማያውቅ ሰብሳቢ አለ። የዚህን ሁሉ «አላውቅም» ሂሳብ በመጨረሻ የሚከፍለው ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፍ የማይችለው ገበሬ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ይህን ለማሳየት ነው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ካላልኩ በስተቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ኃላፊነቱ ጂቡቲ ላይ ያልቃል፣ ስጋቱ ግን አያልቅም

መጀመሪያ ቡናው የሚሄድበትን መንገድ እንይ። ማሻ ከተማ ራሷ ደጋ ናት፤ እንሰት፣ ቀርከሃና ማር ይበዛባታል። የሸካ ዞን ቡና በብዛት የሚገኘው ወደ ቆላው ዝቅ ሲሉ፣ በተለይ በቴፒ ዙሪያ በየኪ ወረዳ ነው። ገበሬው እሸት ወይም ጀንፈል ለሰብሳቢ ይሸጣል። ሰብሳቢው ለአቅራቢ ያስረክባል። ጀንፈሉ ተፈልፍሎ ቀሽር ቡና ይሆንና በሚዛን፣ በቦንጋና በጅማ አድርጎ፣ ወይም በጎሬ፣ በመቱና በበደሌ ዞሮ አዲስ አበባ ይገባል። እዚያ ይበጠራል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ በ60 ኪሎ ጆንያ ይሞላል። 320 ጆንያ፣ ማለትም 19.2 ቶን፣ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይሞላል። ከዚያ በባቡር ወይም በተሳቢ ወደ ጂቡቲ።

የኢትዮጵያ ቡና በብዛት የሚሸጠው «ኤፍ ኦ ቢ ጂቡቲ» በሚባለው ስምምነት ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ሻጩ ዕቃውን መርከብ ላይ እስኪጭን ድረስ ወጪውም ስጋቱም የእሱ ነው። ከተጫነ በኋላ የመርከብ ኪራዩም፣ መድኑም፣ ባሕሩ ላይ የሚደርሰው ነገርም የገዢው ነው። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው «ታዲያ ሁቲዎች ያጠቁት የጀርመኑን ገዢ እንጂ እኛን አይደለም» ሊል ይችላል።

ነገር ግን ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ላኪው ገንዘቡን የሚያገኘው በአብዛኛው ሰነዱን ለባንክ ሲያቀርብ ነው። ከሰነዶቹ ሁሉ ዋናው ቢል ኦፍ ሌዲንግ የሚባለው የመርከብ ጭነት ሰነድ ሲሆን ይህ ሰነድ የሚሰጠው ዕቃው ሲጫን ነው። መርከቡ ካልመጣ ጭነት የለም፤ ጭነት ከሌለ ሰነድ የለም፤ ሰነድ ከሌለ ገንዘብ የለም። ጂቡቲ ላይ የቆመ ኮንቴይነር ማለት አዲስ አበባ ላይ የታሰረ ገንዘብ፣ ቴፒ ላይ ደግሞ ያልተከፈለ ዱቤ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ገዢው ከጭነት በኋላ የደረሰበትን ተጨማሪ ወጪ ዝም ብሎ አይውጠውም፤ የሚቀጥለው ውል ላይ ዋጋ ሲሰጥ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ኤፍ ኦ ቢ የሕግ ኃላፊነትን ጂቡቲ ላይ ይቆርጣል እንጂ ስጋቱን አይቆርጥም። ስጋት ወደ ኋላ ይጓዛል።

ለእኛ መንገዱ ከእጥፍ በላይ ነው የረዘመው

የየመን ሁቲዎች «ጋላክሲ ሊደር» የተባለውን መርከብ የያዙት በኅዳር 2016 ነው። በቀጣዩ ወር፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ሜርስክን፣ ኤም ኤስ ሲን፣ ሀፓግ ሎይድንና ሲ ኤም ኤ ሲ ጂ ኤምን የመሳሰሉ ግዙፍ ኩባንያዎች በባብ ኤል መንደብ መተላለፍ አቆሙ። የካቲት ላይ ከ20 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ የጫነ «ሩቢማር» የተባለ መርከብ ተመትቶ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሰጠመ። ነገሩ በረድ አለ ሲባል እ.ኤ.አ. ጁላይ 2025 ላይ «ማጂክ ሲስ» እና «ኢተርኒቲ ሲ» በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰጠሙ። ከጥቃቱ በፊት ከመርከቡ ዋጋ 0.1 በመቶ እንኳ የማይሞላው የጦርነት ስጋት መድን እስከ 1 በመቶ ደረሰ። በስዊዝ የሚያልፈው የመርከብ ብዛትም ከግማሽ በላይ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ከተደረገው የጋዛ ተኩስ አቁም በኋላ ጥቃቱ ጋብ ቢልም ኩባንያዎቹ ወደ ቀድሞው መስመር የሚመለሱት እግራቸውን እየጎተቱ ነው።

እዚህ ላይ ዓለም አቀፉ ዜና ብዙም የማያነሳው አንድ የካርታ ጉዳይ አለ። ከሻንጋይ ሮተርዳም የሚሄድ መርከብ በስዊዝ ፈንታ የደቡብ አፍሪካን ጫፍ ሲዞር መንገዱ በሲሶ ገደማ ይረዝምበታል፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ይጨምራል። ከጂቡቲ ለሚነሳ ጭነት ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ጂቡቲ የባብ ኤል መንደብ በር ላይ ነው የተቀመጠችው፤ በሩ ክፍት ከሆነ ለአውሮፓ ከብዙዎች እንቀርባለን። በሩ ሲዘጋ ግን ወደ ደቡብ ወርዶ አፍሪካን በሙሉ መዞር ነው፤ ርቀቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ቅርበታችን ዕድላችን የነበረውን ያህል ችግር ሲመጣ በጣም የምንጎዳው እኛው ነን።

ጂቡቲ ጨርሶ አልተዘጋችም፤ አንዳንድ መርከቦችም በዚያው ማለፋቸውን አላቆሙም። ነገር ግን አንድ መርከብ ዙሩን ጨርሶ ለመመለስ ረጅም ጊዜ ሲወስድበት በዓለም ላይ ያለው መርከብም ባዶ ኮንቴይነርም ያው ሆኖ ሳለ የሚያደርሰው ጭነት ይቀንሳል። ኩባንያዎቹ ያላቸውን መርከብ የሚመድቡት ትርፍ ወዳለበት፣ ማለትም ወደ ትልልቆቹ የእስያ መስመሮች ነው። ከሻንጋይ ወደ ሮተርዳም የአንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ኪራይ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ከ1,500 ዶላር በታች ነበር፤ በጁላይ 2024 ከ8,000 ዶላር አለፈ። እንዲህ ያለ ገበያ እያለ የጂቡቲን ጥቂት የቡና ኮንቴይነር ቀን ጠብቆ የሚያነሳ የለም። «መቼ?» የሚለው ጥያቄ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ። በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ 469 ሺህ ቶን ገደማ ቡና ልካ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። በአማካይ አንድ ኪሎ 5.6 ዶላር ገደማ ነው ማለት ነው። በዚህ ዋጋ አንድ ኮንቴይነር ቡና ወደ 107 ሺህ ዶላር ያወጣል። ለስሌት እንዲመቸን ዶላሩን በ150 ብር፣ ፈረሱላን በ17 ኪሎ እንያዝ። አንድ ፈረሱላ ለመላክ የተዘጋጀ ቡና ጂቡቲ ላይ ወደ 14,300 ብር ይሆናል።

አንደኛ፣ የመርከብ ኪራዩ በኮንቴይነር 1,000 ዶላር ጨመረ እንበል። ለ19,200 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 5 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው። በፈረሱላ 133 ብር፤ ከዋጋው አንድ በመቶ አይሞላም።

ሁለተኛ፣ ኮንቴይነሩ ሳይጫን 14 ቀን ቆመ እንበል። ላኪው ቡናውን የገዛው በ18 በመቶ ወለድ ተበድሮ ከሆነ የሁለቱ ሳምንት ወለድ ብቻ 740 ዶላር ገደማ ነው፤ በፈረሱላ ወደ 100 ብር። ወር ከቆመ እጥፍ ይሆናል። የመጋዘንና የኮንቴይነር ማቆያ ክፍያ ገና አልተጨመረም።

ሦስተኛ፣ በእነዚያ በቆመባቸው ቀናት የኒውዮርክ ገበያ በፓውንድ 10 ሳንቲም ወረደ እንበል። 10 ሳንቲም ለቡና ገበያ ትልቅ ነገር አይደለም፤ አንዳንዴ በአንድ ቀን ይደርሳል። በኮንቴይነር 4,200 ዶላር ገደማ፣ በፈረሱላ ወደ 560 ብር ነው። ዋጋው ቀድሞ በውል ተቆርጧል ቢባል እንኳ ጭነቱ የዘገየበት ገዢ ዋጋ ሲወርድ ሰበብ አያጣም፦ «ቀኑን አላከበራችሁም፣ ወይ ዋጋ ቀንሱ ወይ ውሉ ይቅር» ይላል።

ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ። ዜና የሚሆነው አንደኛው ነው። ኪስ የሚያወልቀው ግን ሦስተኛው ነው፤ እሱ ደግሞ ከኪራይ ሳይሆን ከጊዜ የሚመጣ ነው። አስተዋይ ነጋዴ ይህን ስለሚያውቅ ምናልባት ከሚደርስበት ኪሳራ ራሱን ለመጠበቅ ሲገዛ ቀድሞ ይቀንሳል። መርከቡ በቀኑ ቢመጣና ምንም ባይደርስበት እንኳ የቀነሰው ለገበሬው አይመለስም። የስጋት ዋጋ አደጋው ባይደርስም ይከፈላል።

«ሰውዬው ስልክ ሲያነሳ»

በዚህ የመልቀሚያ ወቅት ቴፒ ላይ አንድ ለብዙ ዓመት ቡና የሰበሰቡ ሰው ስለ መርከብ መዘግየት ጠይቄያቸው ነበር።

«ልጄ፣ እኔ መርከብ አላውቅም» አሉኝ። «እኔ የማውቀው አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ ስልክ ሲያነሳና ሳያነሳ ነው። ሲያነሳ ዋጋ እጨምራለሁ። ካላነሳ እቀንሳለሁ።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ገበሬው ለምን ቀነሰ ብሎ ሲጠይቅዎት ምን ይሉታል?»

«ገበያው ወርዷል እለዋለሁ። ሌላ ምን እለዋለሁ?»

ሰውየው እየዋሹ አይደለም፤ የደረሳቸው መረጃ ይኼው ነው። ስልክ የማያነሳው ላኪም ምናልባት ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ገንዘቡ ጂቡቲ ላይ ስለቆመ የሚለው ነገር አጥቶ ይሆናል። ባንክ ሄዶ ሌላ ብድር እንዳይጠይቅ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ ነበር። ጣሪያው ኋላ ወደ 18፣ ቀጥሎም ወደ 24 በመቶ ከፍ ቢልም የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ጠፍ እንደሆነ ነው። ገንዘብ በጠበበበት አገር የአንድ ሳምንት መዘግየት ገንዘብ ከተትረፈረፈበት አገር የበለጠ ያማል።

ይህን ሰንሰለት ልብ ብላችሁ እዩት። የመርከብ ኩባንያው ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። ገዢው በሚቀጥለው ውል ይቀንሳል። ላኪው አቅራቢውን ያዘገያል። አቅራቢው ሰብሳቢውን፣ ሰብሳቢው ገበሬውን። ገበሬውስ ማንን? የትምህርት ቤት ክፍያ ቀኑ ደርሷል፤ ሸካ ላይ ደግሞ ዝናቡ በቃኝ ስለማይል በደንብ ያልደረቀ ጀንፈል ቤት ውስጥ ቢያስቀምጥ ይሻግታል። ስለዚህ በተባለው ዋጋ ይሸጣል።

የመልስ ጉዞውም አለ። ቡናውን ከቴፒ የሚያወጣው አይሱዙ የሚነዳበት ናፍጣ በዋናነት በዚያው በጂቡቲ በኩል ነው የሚገባው። የባሕረ ሰላጤው አካባቢ ሲታመስ ነዳጅ ይወደዳል፣ ወይም ማደያ ላይ ሰልፍ ይሆናል። የማጓጓዣው ጭማሪም ከዚያው ከገበሬው ዋጋ ላይ ይነሳል። ባቡሩ ከሰበታ ወደ ምዕራብ ስለማይሻገር ለእኛ ለደቡብ ምዕራቦች ሌላ አማራጭ የለም። ከጂቡቲ በራቅን ቁጥር ስጋቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይደራረብብናል።

ጎሬ ይህን ጣጣ ቀድማ ታውቀዋለች

ነገሩ ለዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም። ከማሻ በስተሰሜን ያለችው ጎሬ በአንድ ወቅት ቡናዋን የምትልከው ወደ ምሥራቅ ሳይሆን ወደ ምዕራብ ነበር። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ የደቡብ ምዕራቡ ቡና በበቅሎና በሸክም እየወረደ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። ጀልባዎቹ መግባት የሚችሉት ግን ባሮ ሲሞላ፣ በክረምቱ ወራት ብቻ ነው። ውኃው ከጎደለ ቡናው እስከ ቀጣዩ ክረምት ይጠብቃል። ያኔ ነጋዴው የሚጠብቀው የባሮን መሙላት ነበር፤ ዛሬ የሚጠብቀው የመርከብ ኩባንያን የጉዞ ሰሌዳ ነው። የመቶ ዓመት ልዩነት አለ፤ «መቼ?» የሚለው ጥያቄ ግን እዚያው ነው።

ሌሎችም ትዝታዎች አሉ። ስዊዝ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1975 ለ8 ዓመት ተዘግቷል። ግንቦት 1990 ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ ባንዴ ቀረችና ንግዳችን በሙሉ ወደ ጂቡቲ ዞረ። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 «ኤቨር ጊቭን» የተባለ አንድ መርከብ ስዊዝ ላይ በአግድም ተሰክቶ 6 ቀን የዓለምን ንግድ አቆመ። እንዲህ ያለ ነገር ተመልሶ የሚመጣ እንደሆነ ይታወቃል፤ ቀኑ ብቻ ነው የማይታወቀው።

ወደብ ብንቀይርስ?

ወደብ ሲነሳ አገሩ ሁሉ ተንታኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድና በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የመጣው የአንካራ ስምምነት ስንቱን አከራክሯል። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆን የወጪና ገቢ ንግድን በአንድ ወደብ ላይ ማንጠልጠል አደገኛ መሆኑን እኔም አምናለሁ። ተደራዳሪ ለመሆን አማራጭ ያስፈልጋል።

ግን ካርታውን አንርሳ። በርበራም እንደ ጂቡቲ ከባብ ኤል መንደብ በስተደቡብ ነው፤ ከበርበራ አውሮፓ የሚሄድ ቡናም በዚያው ጠባብ በር ማለፍ አለበት። አሰብ ከበሩ ወደ ውስጥ ቢሆንም ከየመን የባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ነው። ላሙ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ስለሆነ ከበሩ ውጭ ነው፤ የመጀመሪያው ማረፊያው እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀምሯል። ነገር ግን ከሸካ ላሙ ድረስ ያለውን መንገድ ያሰበ ሰው ነገ እንደማይሆን ይገባዋል። አዲስ ወደብ የኪራይ ክርክርን ሊያቀልል ይችላል፤ የባብ ኤል መንደብን ስጋት ግን አያነሳልንም። ስለዚህ የወደብ ጥያቄው በመንግሥታት ደረጃ እየሄደ እያለ እኛ እጃችን ላይ ያለውን እንይ።

የወረቀት ባሕርም አለ

እጃችን ላይ ካሉት ነገሮች አንዱ የአውሮፓ ኅብረት የደን ምንጠራ ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት ከእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና አውሮፓ አይገባም። ቡናው የበቀለበት ማሳም በጂፒኤስ ነጥብ መታወቅ አለበት፤ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ ይለካል። ተግባራዊነቱ መጀመሪያ ለእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2024 ታስቦ ነበር። ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትልልቅና መካከለኛ ኩባንያዎች ዲሴምበር 30 ቀን 2026፣ ለጥቃቅንና አነስተኛዎቹ ጁን 30 ቀን 2027 ሆኗል።

ሸካ ከዚህ ሕግ ሊጠቀም እንጂ ሊጎዳ አይገባም ነበር። የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሕዝቡም ደኑን በባህሉ ጠብቆ ያቆየ ነው። ቡናችን ከዛፍ ጥላ ሥር ነው። ችግሩ ግን ሕጉ የሚጠይቀው ደን መጠበቅን ብቻ ሳይሆን መጠበቁን ማስረዳትን ነው። የ20 ገበሬ ጀንፈል ሰብሳቢው ጋ አንድ ክምር ላይ ሲፈስ የማን ማሳ እንደሆነ መለየት አበቃ። ከዚያ በኋላ ጂቡቲ የደረሰ ኮንቴይነር ባሕሩ ሰላም ቢሆን እንኳ ወረቀቱ ሊያቆመው ይችላል።

ጊዜው ተራዘመ ብለን እፎይ ካልን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ልኬቱ ጫካ ለጫካ፣ ዝናብ እየመታ፣ ኔትወርክ በሌለበት ነው የሚሠራው። አሁን ካልተጀመረ በቀነ ገደቡ ዋዜማ አይደረስም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

«ምን ታማርራላችሁ፣ ቡና እኮ በታሪኩ ከፍተኛውን ገቢ ያስገባው በዚሁ ችግር መሀል ነው» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ገቢ የመጣው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የአረቢካ ዋጋ ኒውዮርክ ላይ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ስለወጣ ነው፤ የተላከውም መጠን ስለጨመረ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ መለቀቁም በብር ሲታይ ዋጋውን ከፍ አድርጎታል። ጥሩ ዋጋ ብዙ ቀዳዳ ይሸፍናል። የቡና ዋጋ ግን ወጥቶ የማይወርድበት ዘመን ኖሮ አያውቅም። ዋጋው ሲወርድ በፈረሱላ የሚቀነሰው የስጋት ሂሳብ ከገበሬው ትርፍ ላይ ሳይሆን ከዕለት ጉርሱ ላይ ይሆናል። መዘጋጀት ያለብን ዋጋው ጥሩ በሆነበት በአሁኑ ጊዜ ነው።

እኔ ሦስት ነገር እላለሁ።

መጀመሪያ መጋዘን። ገበሬው ዝናብና ዕዳ እያሯሯጡት ስለሚሸጥ ነው የሌላው ሁሉ ስጋት እሱ ላይ የሚያርፈው። ቴፒና ሚዛን ላይ ደረቅና ንጹሕ መጋዘን ኖሮ ያስቀመጠበትን ደረሰኝ ይዞ ባንክ ወይም ማይክሮ ፋይናንስ ሄዶ መበደር ቢችል አንድ ወር መጠበቅ ይችላል። ለዚህ ሕግ አልጠፋም፤ የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ቁጥር 372/1996 ወጥቶ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011ም አለ። ቡና ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። የጎደለው በየወረዳው የሚሠራበት ሰው ነው።

ቀጥሎ መረጃ። የዕለቱ የቡና ዋጋ በስልክ ይደርሳል፤ ለምን ዋጋው እንደዚያ እንደሆነ ግን አይደርስም። የትኛው መርከብ ጂቡቲ መቼ እንደሚገባ፣ ምን ያህል የቡና ኮንቴይነር ሳይጫን እንደቆመ ባለሥልጣኑ በየሳምንቱ ቢያወጣና በወረዳው የሬዲዮ ፕሮግራም ቢነገር ወጪው ትንሽ ነው። ገበሬው «ገበያው ወርዷል» ሲባል እውነት ወርዷል ወይስ ሰውዬው ስልክ አላነሳም ብሎ መለየት ይችላል። የሚያውቅ ሻጭ ይከራከራል።

ሦስተኛው ማኅበርና ዩኒየን ነው። የማሳ ልኬቱን ለየብቻው ላኪ ከተውነው መረጃው የላኪው ንብረት ይሆናል፤ ገበሬውም ማሳውን ለለካው ሰው ብቻ ለመሸጥ ይገደዳል። ልኬቱ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ስም ከተያዘ ግን መደራደሪያ ነው። ቦንጋ ያለው የካፋ ጫካ ቡና ዩኒየን ለዓመታት በቀጥታ ወደ ውጭ ሲሸጥ ቆይቷል፤ ስለዚህ ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። በቀጥታ የሚሸጥ ዩኒየን ውል ሲዋዋል አንድ አንቀጽ ማስገባት ይችላል፦ መርከብ በባሕር ላይ ስጋት ምክንያት ከዘገየ ዋጋው አይነካም፣ የተወሰነው ክፍያም ቡናው መጋዘን ሲገባ ይለቀቃል። ደንን ጠብቆ ያቆየ ቡና በማይበዛበት ገበያ ይህን መጠየቅ ድፍረት አይሆንም።

የቀይ ባሕርን ሰላም ማሻ ላይ ሆነን አንወስንም። የሜርስክን የጉዞ ሰሌዳም አንወስንም። ቴፒ ላይ ጣሪያው የማያፈስ መጋዘን መኖር አለመኖሩን ግን የምንወስነው እኛው፣ የዞኑና የክልሉ በጀት ነው። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲረቀቅ የወረዳ ምክር ቤት አባሎቻችን ይህን አንድ ጥያቄ ይዘው ቢገቡ ደስ ይለኛል፦ ከመጪው መስከረም በፊት ስንት ፈረሱላ ቡና በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ እንችላለን?